ጓዝና ደጀን

ቤተሰብ በተጓዘ ቁጥር አንድ ነገር ከኋላው ይቀራል። በእንግዳ ማረፊያው በር ጀርባ የተሰቀለ ነጠላ፣ ከአልጋ ሥር የተገፋ የሕፃን ጫማ፣ ግድግዳው ላይ እንደ ተሰካ የተተወ የስልክ ቻርጀር፣ በአውቶቡስ መቀመጫ ኪስ ውስጥ ታጥፎ የገባ የሐኪም ማዘዣ፣ ሁሉም የዚህ ምስክሮች ናቸው። ነገሩ ከመለመዱ የተነሣ ሰው ወይ ይስቅበታል ወይ ይቆጣበታል እንጂ ቆም ብሎ አያስብበትም። ዳሩ ግን ከዚህ ተራ ከሚመስል ጉዳይ ሥር ተራ ያልሆነ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ። ሰው ባላሰበውና ባልፈቀደው ነገር ሊወቀስ ይገባዋልን? የሚወቀስ ከሆነስ፣ የብዙዎች የሆነ ዕቃ በብዙዎች መካከል ሲቀር ወቀሳው በማን ላይ ሊወድቅ ይገባል?

በቅድሚያ ቋንቋችንን እንመርምር። አማርኛ ለዚህ ለአንዱ ነገር ብዙ ግሦች አሉት፤ እያንዳንዱም የየራሱን ፍርድ ይዞ ይመጣል። «ረሳ» ስንል አንድ ጊዜ የሆነን ነገር እንናገራለን። «ዘነጋ» ስንል ግን ከድርጊቱ አልፈን ወደ ሰውየው ጠባይ እንጠጋለን፤ «ዝንጉ» የተባለ ሰው ዛሬ የረሳ ብቻ ሳይሆን ነገም እንደሚረሳ አስቀድሞ የተፈረደበት ነው። «ጣለ» እጅን ይከሳል፤ «ተወ» ፈቃድን ይከሳል። ከሁሉ የሚያስገርመው «ቀረ» የሚለው ነው። ጃንጥላው ቀረ እንላለን። በዚህ አነጋገር ባለድርጊቱ ጃንጥላው ራሱ ነው፤ ማንም አልረሳውም፣ ማንም አልጣለውም፤ መንገዱ እንደ ሰለቸው ሰው በገዛ ፈቃዱ ቀርቷል።

ከእነዚህ ግሦች የትኛው ለማን እንደሚነገር ያዳመጠ እንግዳ የቤቱን ሥርዓት ሳይጠይቅ ያውቀዋል። የቀረው ዕቃ በአባት እጅ የነበረ እንደ ሆነ «በጥድፊያው መካከል ቀረ» ይባላል። በእናት እጅ የነበረ እንደ ሆነ «ረሳሽው» ይባላል። በልጅ እጅ ከነበረ «ይህ ዝንጉ!» ይባልና አንድ ጫማ የአንድ ሰው ጠባይ ማስረጃ ይሆናል። የቤት ሠራተኛ አብራ ተጉዛ እንደ ሆነ ደግሞ ግሡ «ጣለችው» ነው፤ አንዳንድ ጊዜም፣ ማንም ጮክ ብሎ ባይናገረው፣ ከዚያ የከፋ ግሥ በቤቱ ውስጥ በሹክሹክታ ይዞራል። ቤት ሁሉ እንዲህ ነው ለማለት አልደፍርም። ይሁን እንጂ አንዱ ድርጊት እንደ ባለቤቱ ማዕርግ ስሙን የሚለዋውጥ ከሆነ፣ ፍርዱ የተሰጠው በዕቃው መጥፋት ላይ ሳይሆን አስቀድሞ በቆየ ሚዛን ላይ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ፈላስፎች ነገሩን ሳይነኩት አላለፉም። አሪስቶትል «የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» በተባለው መጽሐፉ በሦስተኛው ክፍል፣ ሰው ባለማወቅ ስለሚፈጽመው ጥፋት ሲመረምር፣ ላለማወቁ ራሱ ምክንያት የሆነ ሰው ከተጠያቂነት አያመልጥም ይላል። ምሳሌው ሰካራም ነው፤ ሰክሮ ላጠፋ ሰው ቅጣቱ እጥፍ ይሆንበት ነበር፤ አለመስከር በእጁ ነበርና። በቸልተኝነት ምክንያት ያላወቀም እንዲሁ ነው፤ መጠንቀቅ በእጁ ነበርና። ፍርዱ ጠንካራ ነው፤ ለብቻው ለሚጓዝ ሰው በእውነትም ይስማማዋል። አንድ ጎልማሳ አንድ ሻንጣ ይዞ ከአንድ ክፍል ሲወጣ ዘወር ብሎ አልጋውን አለማየቱ ቸልተኝነት ይባል ቢባል ብዙ የሚከራከር አይገኝም።

የቤተሰብን ጉዞ ግን በዚሁ ሚዛን ልንመዝነው አንችልም። ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ በክፍለ ሀገር አውቶቡስ መናኸሪያ ቆሞ የተመለከተ ሰው ምክንያቱን ያውቃል። አንዲት እናት ሕፃን አዝላ፣ የሌላውን ልጅ እጅ ይዛ፣ ሦስተኛው ሽንት ቤት መሄድ እንደሚፈልግ እየሰማች፣ አገልግሉ እንዳይደፋ፣ ቲኬቱ ከማን ኪስ እንደ ገባ፣ የአማቷ መድኃኒት ከየትኛው ቦርሳ እንደ ተቀመጠ እያሰበች ወደ አውቶቡሱ ትገፋለች። ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ ጃንጥላ አግዳሚው ላይ ቢቀር፣ አሪስቶትል እንዳለው መጠንቀቅ በእጇ ነበርን? ጥንቃቄዋ ሁሉ ሥራ ላይ ነበር። የሰው ልብ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ነገር ልክ አለው፤ ጃንጥላውን የረሳችው ልጁን ስላልረሳች ነው። ቸልተኝነት ማለት ሊሰጥ የሚችል ትኩረት አለመስጠት ከሆነ፣ በዚያች ሰዓት ቸልተኛ የሆነው፣ ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ «ቶሎ በሉ!» የሚለው ነው። እርሱ ግን ምንም ስላልያዘ ምንም አልረሳም፤ ስለዚህም ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ወቀሳን የምናከፋፍልበት መንገድ ብዙ የሚሸከመውን የሚቀጣ፣ ምንም የማይሸከመውን የሚያጸድቅ ከሆነ ፍትሕ የለውም፤ ዋናው ሐሳቤም ይኸው ነው። መርሳት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ማስታወስን ለአንድ ሰው ጥሎ መቀመጥ ነው።

ለመሆኑ ዕቃ የሚረሳው መቼ ነው? መርሳት በዘፈቀደ የሚመጣ ይመስለናል እንጂ የራሱ ሥርዓት አለው። የጃፓን ሕዝብ በሥርዓት አክባሪነቱ የተመሰገነ ነው፤ ሆኖም በዋና ከተማው በቶኪዮ እ.ኤ.አ. በ2018 ለፖሊስ የቀረበው ወድቆ የተገኘ ዕቃ ከአራት ሚሊዮን በላይ ነበር። ከዚህ ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ የሚሆነው ጃንጥላ ነው። ጃንጥላ ለምን በዛ ቢባል መልሱ ቀላል ነው፤ ዝናሙ ሲያባራ ጃንጥላ ጉዳዩ ያበቃል፤ ጉዳዩ ያበቃ ነገር ደግሞ ከልብ ይወጣል። በገንዘብ መክፈያ ማሽን ላይም የታየው ይኸው ነው። ማሽኑ ብሩን አስቀድሞ ካርዱን በኋላ የሚሰጥ እንደ ሆነ ሰው ብሩን ይዞ ካርዱን ትቶ ይሄዳል፤ የመጣበት ጉዳይ ተፈጽሟልና። ስለዚህ ባንኮች ሰውን ከመምከር ይልቅ የማሽኑን ቅደም ተከተል ለወጡት፤ ካርድህን ካልወሰድህ ብር የለም።

ጉዞም እንዲሁ ነው። «ደረስን!» የምትለው ቃል ከአንድ ልጅ አፍ በወጣች ቅጽበት ጉዞው በሁሉም ልብ ውስጥ ያበቃል፤ ዕቃው ግን ገና ከመቀመጫው ሥር ነው። ዕቃ የሚቀረው መንገድ ላይ ሳይሆን በመውረጃውና በመነሻው፣ አንድ ጉዳይ አልቆ ሌላው ሊጀምር ባለው በዚያ ቀጭን ክፍተት ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚወርድ አውቶቡስ ጎሐ ጽዮን ላይ ለቁርስ ቆሞ ሲነሣ የሚቀር ሻርፕ መቅረቱ የሚታወቀው ዓባይ በረሃ ከተወረደ በኋላ ነው፤ አውቶቡስ ደግሞ ለሻርፕ ብሎ ወደ ኋላ አይመለስም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ከሚረሳው ዕቃ ሁሉ የሚያስቆጨው ከትራስ ሥር የሚቀረው ነው፤ ብር፣ የአንገት ሐብል፣ መታወቂያ። ይህ ውድ ውድ ነገር ለምን ይረሳል? እንግዳ ቤት ነው ብለን ከሌባ ስለ ደበቅነው ነው። ከሌባ ዐይን የሰወርነው ከራሳችን ዐይን ተሰውሮ ያድራል፤ ሌሊቱን ሙሉ በጭንቅላታችን ተጭነነው አድረን ጧት ለአንጣፊዋ ትተንላት እንሄዳለን።

እንግዲህ መርሳት ከጠባይ ድካም ይልቅ ከነገሮች አሰላለፍ የሚመጣ ከሆነ፣ መድኃኒቱም ተግሣጽ ሊሆን አይችልም። ይህን በብዙ ዋጋ የተማሩት አውሮፕላን አብራሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 በጥቅምት ወር፣ በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በዴይተን አጠገብ፣ ቦይንግ ሞዴል 299 የተባለ ባለ አራት ሞተር አዲስ የጦር አውሮፕላን ለሙከራ ተነሣ። አውሮፕላኑ በምድር ላይ ሲቆም ነፋስ የመሪ ክፍሎቹን እንዳያንገላታቸው የሚይዝ መቆለፊያ ነበረው፤ ከመነሣት በፊት መፈታት ሲገባው አልተፈታም። አውሮፕላኑ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ተከሰከሰ፤ በአደጋው ሁለት ሰዎች ሞቱ። መሪውን የያዘው ጀማሪ አልነበረም፤ በሙያው የተመሰከረለት ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ የአውሮፕላኑ አብራሪዎች «ከእንግዲህ ተጠንቀቁ» በሚል ምክር አልረኩም። ከመነሣት በፊት፣ በበረራ ላይ፣ ከማረፍ በፊትና ካረፉ በኋላ የሚታዩትን ነገሮች በአጭሩ በወረቀት ላይ አሰፈሩ። ያ አውሮፕላን ተሻሽሎ ቢ 17 በሚል ስም በብዛት ተሠራ፤ የወረቀቱም ልማድ ወደ ዓለም አብራሪዎች ሁሉ ተሸጋገረ። ወረቀቱ የእውቀት ማነስ ምልክት አይደለም። ማስታወስ የብልኅነትም የደግነትም መለኪያ እንዳልሆነ ሙያተኞች በይፋ ያመኑበት ሰነድ ነው።

የሐኪሞቹ ደግሞ ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል፤ እነርሱም ዕቃ ይረሳሉና፣ ያውም በሰው ሆድ ውስጥ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የቀዶ ሕክምና መቆጣጠሪያ ዝርዝር ላይ፣ በሽተኛው ከክፍሉ ሳይወጣ መሣሪያው፣ መርፌውና ደም መጥረጊያው መቆጠሩን ነርሷ በድምፅ እንድታረጋግጥ ተደንግጓል። ከዚህ ድንጋጌ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛው ቆጠራው በልብ ሳይሆን በድምፅ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው «ይቆጠር» ሳይባል ማን እንደሚናገር ተለይቶ መታወቁ ነው። ስሙ የተቆረጠለት ቆጣሪ አለ።

ቤተሰብ የሚያጣው ይህን ሁለተኛውን ነው። አንድ ነገር ጠፍቶ ፍለጋ ሲጀመር የሚሰማውን ንግግር እናስታውስ። «አንቺ የያዝሽው መስሎኝ።» «አንተ የጫንኸው መስሎኝ።» «እማዬ ያመጣችው መስሎኝ።» በእነዚህ ሁሉ ውስጥ «መስሎኝ» የምትለው ቃል ትመላለሳለች፤ የቤተሰብ ጉዞ ታሪክ ሁሉ በእርሷ ሊጻፍ ይችላል። ማንም አልዋሸም። እያንዳንዱ ስለ ዕቃው አስቦ ነበር፤ ግን ሌላው አስቦበታል ብሎ ሐሳቡን አሳረፈ። አምስት ሰው ያሰበበት ሻንጣ ማንም ካላሰበበት ሻንጣ በበለጠ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ ማንም ያላሰበበት ቢያንስ አንዱን በድንገት ሊያስደነግጠው ይችላል፤ ሁሉም ያሰበበት ግን ሁሉንም አስተኝቷል።

ይህ የእኛ ቤት ጠባይ ብቻ አይደለም። ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1968 በኒውዮርክ ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳትመው ነበር። ተማሪዎቹ በየክፍላቸው ተለያይተው በድምፅ ማስተላለፊያ ሲነጋገሩ፣ ከመካከላቸው አንዱ የሚጥል በሽታ የተነሣበት መስሎ እርዳታ ይለምናል። ከበሽተኛው ጋር ብቻዬን ነኝ ብሎ ካመነው መካከል ከመቶ 85ቱ የበሽተኛው ድምፅ ሳያበቃ ለመርዳት ተነሡ። ሌላ አንድ ሰው ይሰማል ብሎ ያመነው ከመቶ 62 ሆነ። ሌሎች አራት ይሰማሉ ብሎ ያመነው ግን ከመቶ 31 ብቻ ነበር። ያልተነሡት ልበ ደንዳኖች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ይጨነቁና ይንቀጠቀጡ እንደ ነበር ተመራማሪዎቹ ራሳቸው መስክረዋል። ግዴታው በአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ የደረሰው ድርሻ ከወንበር የማያስነሣ ሆነ። ሰው ለሚሞት ሰው እንዲህ ከሆነ ለጃንጥላ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ሕግም ይህን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በሞንትሪያል የተፈረመው የዓለም አቀፍ የአየር ማጓጓዣ ስምምነት የመንገደኛን ዕቃ በሁለት ይከፍለዋል። ተመዝግቦ ለአየር መንገዱ የተሰጠ ሻንጣ በአየር መንገዱ ጥበቃ ሥር ሳለ ቢጠፋ፣ አጓጓዡ ያጠፋውም ያላጠፋውም ቢሆን በተወሰነ ልክ ኃላፊ ነው። በእጅ የተያዘ ዕቃ ግን አጓጓዡ ካላጠፋ በቀር አይጠየቅበትም። በሻንጣው እጀታ ላይ የምትለጠፈው ትንሽ ወረቀት ትርጕሟ ይህ ነው፤ «ይህ ዕቃ ጠባቂው ታውቋል።» ቤተሰብ በእጁ አንጠልጥሎ የሚገባው ከረጢትና ፌስታል ሁሉ ይህች ወረቀት የለችውም። የሁሉም ነው፤ የማንም ነው።

አያቶቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ የተሻለ ሥርዓት ነበራቸው ብል ያለፈን ዘመን ለማሞገስ አይደለም፤ የቀደመው ዘመን ጉዞ ረኃብና ሽፍታ የበዛበት ነበር። ነገር ግን ያ መከራ ራሱ ሥርዓት አስተማራቸው። የሲራራ ነጋዴ በነጋድራሱ ተመርቶ ሲጓዝ ኬላ በደረሰ ቁጥር ቀረጥ የሚከፈለው በጭነት ነበርና ጭነቱን ሳይቈጥር ማለፍ አይችልም ነበር። የጦሩ ጉዞ ደግሞ ማዕርጋችንን ሁሉ ያወረሰን ነው፤ ከፊት ፊታውራሪ፣ ከቀኝ ቀኛዝማች፣ ከግራ ግራዝማች፣ ከኋላም ደጀን። ፊታውራሪ መንገድ ይከፍታል፤ ደጀን ከኋላ የሚመጣውን አደጋ ይመክታል፤ የደከመው፣ የወደቀው፣ የቀረው ሁሉ በእርሱ ዐይን ሥር ነው። ደጀን ለሌላው ተረፈ ሥራ የሚሰጠው ሰው አልነበረም፤ ኋላው ያልተጠበቀ ጦር ፊቱ ቢያምር ዋጋ እንደሌለው ያውቁ ነበርና ለታመነ ሰው ይሰጥ ነበር።

የዛሬው ቤተሰብ ፊታውራሪ አያጣም። አባት ቀድሞ ወጥቶ መኪና ያስቆማል፣ ወንበር ይይዛል፣ ከረዳቱ ጋር በጭነት ዋጋ ይከራከራል። ትልቁ ልጅ በቀኝ፣ ሁለተኛዋ በግራ ይሮጣሉ። ደጀኑስ ማን ነው? በብዙ ቤት ደጀን አልተሾመም፤ አለ ከተባለም ሁልጊዜ እናት ናት፤ ያውም ያለ ሹመት፣ ያለ ምስጋና፣ ከላይ እንዳየነውም ሲጎድል ብቻ ስሟ እየተነሣ። መቶ ጊዜ ተጉዘው መቶ ጊዜ ምንም ሳይቀር ሲመለሱ «ዛሬ ምንም አልረሳሽም» ያላት የለም። መቶ አንደኛው ላይ ግን የፀሐይ መነጽሩ ቀረ፤ መነጽሩም ከእርሷ ትዝታ ጋር ተቆራኝቶ ዐሥር ዓመት በየድግሱ ይወራል። ዕቃው ከዋጋው በላይ የሚያስከፍለው በዚህ ነው። መነጽር በብር ይተካል፤ በልጆች ፊት በቀልድ መልክ ሲነገር የኖረ ወቀሳ ግን ልጆቹም ነገ በየቤታቸው የሚናገሩትን ግሥ ያስተምራቸዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። አንደኛው «ቤት እኮ የጦር ሰፈር አይደለም» የሚል ነው። ልክ ነው። በየፌርማታው እየወረደ ሻንጣ የሚቆጥር፣ ልጆቹን በቁጥር የሚጠራ፣ አንዳች ነገር ሳይጠፋበት ሁሉም ሰው ደስታው የጠፋበት የቤተሰብ አለቃ አለ፤ እኔ ከእርሱ ጋር ከምጓዝ ሁለት ጃንጥላ ብከስር እመርጣለሁ። ስለዚህ ከጥበቃ በፊት አንድ ውሳኔ ይቀድማል፤ የቱ ዕቃ ቢጠፋ ይጥፋ? ሎሚናዳ የተያዘበት ጠርሙስ፣ ያረጀ ፎጣ፣ የመንገድ ጋዜጣ ይጥፉ። የአያት መነጽር፣ የስኳር ሕመምተኛው መርፌ፣ ፓስፖርቱና የልደት ምስክር ወረቀቱ ግን አይጠፉም። ከዋጋው ጋር የማይሄድ ሌላ ሚዛንም አለ፤ ሕፃን ያለ እርሱ የማይተኛበት የተቀደደ አሻንጉሊት ከሻንጣው ሁሉ ይከብዳል። ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ ብዙ አይጭንም፤ ያነሰ የጫነም ያነሰ ይረሳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው፤ የሚመጣውም ከእናቶች ዘንድ ነው። «ለእነርሱ ብተወው ሁሉ ነገር ይቀራል» ይላሉ። እውነት ነው፤ በመጀመሪያው ጉዞ አንዳች ነገር ይቀራል። ከዚህ በስተኋላ ግን ሌላም ነገር አለ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሥልጣን ያልተሰጠው ሰው፣ ሁሉን ማስታወስ ሥልጣኑ ይሆናል፤ «ካለ እኔ አይሆንላቸውም» ማለት ድካም ቢሆንም ክብርም ነው። ያን ክብር ሳይተኩለት ሸክሙን ብቻ እንውሰድልሽ የሚል ሰው ቢነፈገው አይድነቀው።

በእኔ አስተያየት የሚበጀው ነገር እምብዛም የረቀቀ አይደለም። ጓዙ ከቤት ሳይወጣ ይቆጠርና ቁጥሩ ለሁሉም ይነገር። የአውቶቡሱ ረዳት ከጣሪያው ላይ ሆኖ «ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የስድስት ዓመቷ ልጅም ብትሆን «ዘጠኝ!» ብላ ልትመልስ ትችላለች፤ ቁጥር ሕፃንም ሽማግሌም እኩል የሚሸከመው ዕቃ ነው። እያንዳንዱ ልጅ በስሙ የተሰጠው አንድ ነገር ይኑረው፤ ሁለት አይሁን፤ ያ ነገርም በእውነት የሚያስፈልግ ይሁን እንጂ ለማባበያ የተሰጠ አይሁን። ልጅ የማይረባ አደራ እንደ ተሰጠው ወዲያው ያውቃል። እረኛ ሆኖ ያደገ ሁሉ ይህን ይመሰክራል፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ላሞቹ ተሰጥተውት፣ አንዷ ስትጎድል በቁጥር ሳይሆን በመልኳ ያውቃት ነበር። ከተማ ያደገውን ልጅ እስከ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ድረስ ውኃውን ሳይቀር እየያዝንለት ሄደን፣ በዐሥራ ስድስተኛው «ዝንጉ» ብንለው ያላስተማርነውን መጠየቅ ነው።

ከዚያም ደጀን ይሾም፤ ሹመቱም በየጉዞው ይዙር። ደጀን የሆነ ሰው ምንም አይሸከምም፤ እጁ ባዶ፣ ዐይኑ ሙሉ ነው። ሁሉም ከክፍሉ ከወጡ በኋላ እርሱ ብቻ ይቀራል፤ የበሩን ጀርባ ያያል፣ ትራሱን ያነሣል፣ ተንበርክኮ ከአልጋው ሥር ይመለከታል፣ የግድግዳውን መሰኪያ፣ የመታጠቢያውን መደርደሪያ ያያል፣ ከዚያም እንደ ነርሷ ጮክ ብሎ «ምንም የለም» ይላል። ተራው የአባት የሆነ ዕለት አባት ይንበረከካል። አንድ ነገር ቢቀር የሚነገረው ግሥ ለእርሱም ለልጁም አንድ ይሁን፤ «ረሳሁት» ብሎ ራሱ ይናገረውና ነገሩ በዚያው ይለቅ። የቤት ሠራተኛዋም አብራ ከሄደች ተራው ይድረሳት፤ ስትደርሳት ደግሞ ማንም ከኋላዋ ገብቶ ደግሞ አያጣራ፤ ተከታይ የተደረገባት ደጀን ተጠርጣሪ ናት እንጂ ደጀን አይደለችም።

በጦርነትና በመፈናቀል ከቤቱ የወጣ ሰው ከኋላው የተወውን ከዚህ ጋር አንቀላቅልም። እርሱ የረሳው የለም፤ ሁሉንም ያስታውሰዋል። የእኛ ነገር ስለ ሰላም ጊዜ ነው፤ ለፋሲካ ዘመድ ጥየቃ፣ ለክረምት ዕረፍት፣ ለሠርግ ስለሚሄድ ቤተሰብ፣ የቤቱን ቁልፍ በኪሱ ይዞ ስለሚወጣና ስለሚመለስ።

እንግዲህ ተራው የታላቁ ልጅ የሆነበትን ጧት እናስብ። ጓዙ ዘጠኝ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። አባት ሁለቱን ትልልቅ ሻንጣ ይዞ ወጥቷል፤ ታናሾቹ የየራሳቸውን አንግበዋል። የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ደጀን ከክፍሉ ውስጥ ብቻውን ቀርቶ ትራስ ያነሣል። እናቱ ሕፃኑን ብቻ አዝላ፣ ሁለት እጇ ባዶ ሆኖ፣ ከሁሉም ፊት በኮሪደሩ ትሄዳለች። ሦስት ጊዜ ያህል ወደ ኋላ ዘወር ማለቷ አይቀርም።